የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፦ ቀዶ ሕክምናውና ማገገሚያው

ስለ ጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ሥር ሰዶ የቆየው የተሳሳተ ግምት፣ ሐኪሙ ጅማቱን ተክቶ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሕክምናው አብቅቷል የሚለው ነው። እውነቱ ግን ቀዶ ሕክምናው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ መመለሱ ወይም አለመመለሱ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ በሚከተሉት ዘጠኝና ከዚያም በላይ በሆኑ ወራት መሆኑ ነው። ይህ የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት ጅማቱ ምን እንደሆነ፣ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል፣ ቀዶ ሕክምና ለማን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማገገሚያው እንዴት መመራት እንዳለበት ለአድማጮች ያስረዳል።

ጉልበት የጭን አጥንት ከላይ፣ የቅልጥም አጥንት ከታች፣ በተለምዶ የጉልበት ሎሚ የሚባለው አጥንት ደግሞ ከፊት ሆነው የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹ ቅርጽ ብቻውን መገጣጠሚያውን አጽንቶ ሊይዝ ስለማይችል፣ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙ አራት ጅማቶች ናቸው፤ ሁለቱ በውስጥና በውጭ ጎን ተዘርግተው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ሲከላከሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በመሃል ተጠላልፈው የመስቀል ቅርጽ ስለሚሠሩ መስቀለኛ ጅማቶች ይባላሉ። ከሁሉም በላይ መነጋገሪያ የሆነው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው፤ የእግር ኳስ ዜና የሚከታተሉ አድማጮች ኤሲኤል በሚለው አጭር መጠሪያው ያውቁታል። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚገታው፣ እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት በድንገት ሲዞርም ጉልበት እንዳይጠመዘዝ የሚይዘው እርሱ ነው።

ይህ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰው ብዙ ሰው እንደሚገምተው በተቀናቃኝ ተጫዋች ምት ሳይሆን፣ ማንም ሳይነካው እየሮጠ ድንገት በቆመ፣ አቅጣጫ በቀየረ ወይም ዘሎ ባረፈ ሰው ላይ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲጠመዘዝ ነው። በተመሳሳይ ስፖርት ሴቶች ከወንዶች በሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ለጉዳቱ የተጋለጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ጥናቶች የታየ በመሆኑ፣ የሴቶች እግር ኳስ እየተስፋፋ በሄደ መጠን ጉዳዩ ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

ጉዳቱ በደረሰበት ቅጽበት ብዙዎች ከጉልበታቸው ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ እንደ ሰሙ ይናገራሉ፤ ከተበጠሰው ጅማት የሚፈሰው ደምም መገጣጠሚያውን ስለሚሞላው ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል። በኢትዮጵያ በዚህ ጊዜ የተለመደው ርምጃ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ መሄድ፣ በቅቤ ወይም በቅባት ማሳሸትና ማስጎተት ነው። ወጌሻ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ሕዝብን ያገለገለ ባለሙያ መሆኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ በመገጣጠሚያ ውስጥ የተበጠሰን ጅማት ከውጭ በማሸት መልሶ ማያያዝ ፈጽሞ አይቻልም፣ ደም የቋጠረን ጉልበት አጥብቆ ማሸትም እብጠቱን ያባብሳል፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ማሰሪያ ደግሞ የደም ዝውውርን ከገታ እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ርዳታ እግሩን ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአጭር ጊዜ እየደጋገሙ ማድረግ፣ ሳያጠብቁ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና አጥንት አለመሰበሩን ለማረጋገጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ራጅ መነሣት ነው።

ጉዳቱ አታላይ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙ ይታገሣል፣ ሰውየው በቀጥታ መንገድ ላይ ሳያነክስ ይራመዳል፤ በዚህም የተነሣ የዳነ መስሎት ወደ ሜዳ ይመለሳል፣ መጀመሪያ ለመዞር በሞከረበት ቅጽበትም ጉልበቱ ይከዳዋል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መክዳት ለጉልበቱ አዲስ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ሜኒስከስ ተብለው የሚጠሩት፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ሆነው ጫና የሚያበርዱት ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች በየጊዜው እየተቀደዱ ይሄዳሉ። ከጅማቱ መበጠስ ይልቅ የጉልበትን ዕድሜ የሚያሳጥረው ብዙውን ጊዜ ይህ ተከታይ ጉዳት ነው።

ጅማቱ መበጠሱን ለማወቅ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው የሠለጠነ እጅ ነው። በአሜሪካዊው ሐኪም ጆን ላክማን ስም በሚጠራው ምርመራ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ሐኪሙ በአንድ እጁ ጭኑን አጽንቶ ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤናማ በሆነ ጉልበት ላይ ጅማቱ ሲወጠር እንቅስቃሴው ባለበት ቀጥ ይላል፤ ተበጥሶ ከሆነ ግን ቅልጥሙ የሚገታው ሳያገኝ ወደ ፊት ይሸሻል። ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ምርመራ ይህን ያረጋግጣል፣ የሜኒስከስና የሌሎቹን ጅማቶች ሁኔታም ያሳያል፤ ሆኖም መሣሪያው በሌለበት ከተማ የሚኖር ታካሚ ጉዳቱን የሚያውቅ ሐኪም እስካገኘ ድረስ ያለ ምርመራ ቀረ ማለት አይደለም።

የተበጠሰው ጅማት ለምን ተሰፍቶ አይድንም የሚለው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሜዮ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1895 ሊድስ ከተማ ውስጥ የአንድ የማዕድን ሠራተኛን መስቀለኛ ጅማቶች በክር ሰፍቶ ነበር፤ ይሁንና ይህ ዘዴ በኋላ በስፋት ሲሞከርና ታካሚዎቹ ለዓመታት ሲታዩ፣ ብዙዎቹ የተሰፉ ጅማቶች ላልተው ወይም ዳግም ተበጥሰው ተገኙ። አንዱ ምክንያት በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች መካከል የሚረጋውን ደም ስለሚያጥበው፣ ለመጋጠም የሚያስፈልገው ድልድይ ሳይሠራ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ከመስፋት ወደ መተካት ዞሩ፤ በብሪስቶል የነበረው ሄይ ግሮቭስ እ.ኤ.አ. በ1917 ከራሱ ከታካሚው ጭን የተወሰደ ሕብረ ሕዋስ በአጥንት ውስጥ አሳልፎ መትከሉን ይፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሞከሩት ሰው ሠራሽ ጅማቶች ደግሞ እየተፈተጉ በመበጠሳቸውና መገጣጠሚያውን በማስቆጣታቸው አብዛኞቹ ተተዉ። ዛሬ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ጅማቱን ራሱን ለማዳን አዳዲስ ዘዴዎች እየተሞከሩ ቢሆንም፣ ዋናው ሕክምና አሁንም መተካት ነው።

ይህ ማለት ግን ጅማቱ የተበጠሰ ሁሉ ቢላዋ ሥር ይግባ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት 121 ወጣትና ንቁ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከማገገሚያ ልምምድ ጋር እንዲያገኙ፣ ሌሎቹ ግን በልምምድ ጀምረው ካስፈለጋቸው ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዲሄዱ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታካሚዎቹ ስለ ጉልበታቸው በሰጡት ምዘና በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ በአምስተኛው ዓመት ከሁለተኛው ወገን ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምናውን ሳያደርጉ ኖረዋል። በሌላ በኩል ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዘግይተውም ቢሆን አድርገውታል፤ ስለዚህ ጥናቱ ቀዶ ሕክምና ከንቱ ነው አይልም፣ መቸኮል እንደማያስፈልግ ግን ያስረዳል። ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚመከረው መዞርና መዝለል ወደሚበዛበት ስፖርት ለሚመለስ፣ ከበቂ ልምምድ በኋላም በዕለት ሥራው ላይ ጉልበቱ ለሚከዳው፣ ሊሰፋ የሚችል ሜኒስከስ ወይም ሌላ ጅማት አብሮ ለተጎዳበት ሰው ነው። ኳስ ሜዳ ረግጦ የማያውቅ፣ ነገር ግን በተዳፋት ላይ የሚያርስ ወይም ሸክም ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ፣ ፍላጎቱ ከስፖርተኛ ፍላጎት የሚያንስ አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነም በኋላ ቢሆን ቀኑ የሚቆረጠው ጉልበቱ ሲዘጋጅ ነው። ባበጠና ሙሉ በሙሉ በማይዘረጋ ጉልበት ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ጠባሳ መገጣጠሚያውን ወጥሮ እንዲያደርቀው በር ይከፍታል። ስለዚህ አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ እብጠቱ እስኪወርድ፣ ጉልበቱ እንደ ጤነኛው እስኪዘረጋና የፊት ጭን ጡንቻ ሥራውን እስኪጀምር ጥቂት ሳምንታት በልምምድ ማሳለፍ ይገባል፤ ይህ ጊዜ ባከነ ተብሎ የሚቆጠር ሳይሆን የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል ነው።

ምትክ የሚሆነው ጅማት በአብዛኛው የሚወሰደው ከራሱ ከታካሚው አካል ነው። አንደኛው ምንጭ የጉልበት ሎሚን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት መካከለኛ ክፍል ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፎቹ ትናንሽ አጥንቶች ይዞ ስለሚወጣ ከአጥንት ጋር ፈጥኖ ይዋሐዳል። ሁለተኛው ሃምስትሪንግ ከሚባሉት የኋላ ጭን ጡንቻዎች የሚወሰድ ጅማት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከጉልበት ሎሚ በላይ ካለው የፊት ጭን ጡንቻ ጅማት ይወሰዳል። ከሟች ለጋሽ የሚገኝ ጅማትም አለ፤ ነገር ግን በወጣት ስፖርተኞች ላይ ዳግም የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ለእነርሱ አይመረጥም። የመጀመሪያው ምንጭ ጠንካራ ቢሆንም ከፊት ለፊት የሚተወው ሕመም ሲንበረከኩ ይብሳል፤ ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ታካሚ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስግደት የሚያዘወትር ክርስቲያን፣ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት የሚሰግድ ሙስሊም፣ ተንበርክኮ የሚሠራ ሠራተኛ ይህን አኗኗሩን ምትኩ ከመመረጡ በፊት ለቀዶ ሐኪሙ ሊነግረው ይገባል፤ ሐኪሙ ባይጠይቀውም እንኳ።

ቀዶ ሕክምናው አርትሮስኮፒ በሚባል ዘዴ ይሠራል፤ ይህም ከእርሳስ የማይወፍር፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ በትንሽ ቀዳዳ ወደ መገጣጠሚያው አስገብቶ፣ ውስጡን በስክሪን እያዩ መሥራት ማለት ነው። ታካሚው ሙሉ በሙሉ ወይም ከወገቡ በታች ይደነዝዛል። ምትኩ ከኋላ ጭን የተወሰደ ከሆነ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተጣበቀበት ሥጋ ይፋቃል፣ ተጣጥፎ ጫፎቹ በጠንካራ ክር ይሰፋሉ፣ ከዚያም ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ከ8 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ምትክ ይበልጥ ለመበጠስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ቀጥኖ ሲገኝ ሐኪሙ ሌላ እጥፍ ሊጨምርበት ይችላል። በቅልጥምና በጭን አጥንቶች ውስጥ በዚያው ውፍረት ልክ ቀዳዳ ይሰረሰራል፤ የቀዳዳዎቹ ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ምትኩ ያለ ልኩ እየተወጠረ ወይም እየላላ ስለሚኖር፣ የቀዶ ሐኪሙ ጥበብ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው በዚህች ቅጽበት ነው። ምትኩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተስቦ በብሎን ወይም አጥንቱ ላይ በሚያርፍ ትንሽ ብረት ይታሰራል፤ ሐኪሙም ጉልበቱን እያጠፈና እየዘረጋ ጽናቱን ይፈትሻል። የተቀደደ ሜኒስከስ ከተገኘ፣ የሚሰፋው እንዲሰፋ እንጂ ተቆርጦ እንዳይጣል ጥረት ይደረጋል። ብዙ ታካሚዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ከዚህ በኋላ በጉልበቱ ውስጥ የሚሆነውን መረዳት ለማገገሚያው ሁሉ ቁልፍ ነው። የተተከለው ምትክ ከቦታው ሲነሣ የደም ሥሮቹ ስለተቋረጡ፣ መጀመሪያ ላይ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቀስ በቀስ አዳዲስ የደም ሥሮች ይገቡበታል፣ አዳዲስ ሕዋሳትም ሰፍረው እንደገና ጅማት አድርገው ይሠሩታል። ይህ ሂደት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ መካከል ምትኩ በተተከለበት ቀን ከነበረው ጥንካሬ የሚያንስበት ጊዜ አለ፤ ያም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው ሕመሙ ጠፍቶ፣ እብጠቱ ወርዶ፣ አካሄዱ ተስተካክሎ ደህና ነኝ የሚልበት ጊዜና ምትኩ ደካማ የሆነበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። የሕመም መጥፋት የጥንካሬ ማስረጃ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግብ ሁለት ነው፤ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና የፊት ጭን ጡንቻን መቀስቀስ። ታካሚው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዙ ሥር ይደረጋል፣ ከጉልበቱ ሥር ግን ምንም አይደረግም፤ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያም የፊት ጭን ጡንቻውን አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ታች እየተጫነ ለጥቂት ሰኮንዶች ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይደግማል። በመጀመሪያው ቀን ጡንቻው እንደማይታዘዝ ሊሰማው ይችላል፤ ይህ የስንፍና ምልክት ሳይሆን ያበጠ መገጣጠሚያ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን የነርቭ ትእዛዝ ስለሚያዳክም ነው። በብዙ ቤት የሚፈጸመው ስሕተት ግን ከርኅራኄ የሚመጣ ነው፤ ቤተሰብ ታካሚው እንዲመቸው ብሎ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያስገባል፣ ጠያቂም «አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ» እያለ ይመክራል። ያ ትራስ ጉልበቱ ታጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋል፤ በነዚያ ሳምንታት ያልተዘረጋ ጉልበት በኋላ ለማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅበት ጊዜም አለ።

ክራንች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያገለግላል፤ ሜኒስከስ ከተሰፋ ግን እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ ደግሞ ክራንቹና የታከመው እግር ይቀድማሉ። በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥና ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ጉልበትን ከልክ በላይ ስለሚያጥፉ፣ ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ከፍ ያለ ወንበርና የመጸዳጃ መቀመጫ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ቁስሉን በቅቤም ሆነ በቅባት ማሸት አይገባም። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የባት ማበጥና መቁሰል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት የኢንፌክሽን ወይም የደም መርጋት ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ቀጣዮቹ ወራት የጡንቻ ግንባታ ናቸው። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገባል፣ በአንድ እግር መቆምና ሚዛን መጠበቅ ይከተላል፣ ክብደት ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ቀላል ሩጫ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር በፊት አይጀመርም፣ ያም ጉልበቱ ካላበጠና ጡንቻው ከጠነከረ ነው። ወደ ውድድር መመለስን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግልጽ መልስ ሰጥቷል፤ 106 ታካሚዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጡንቻ ጥንካሬያቸውና በአንድ እግር የመዝለል ችሎታቸው ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 ከመቶ መድረሱን ጨምሮ የመመለሻ መስፈርቶችን ሳያሟሉ ከተመለሱት 38 ከመቶው ዳግም ሲጎዱ፣ ካሟሉት የተጎዱት ከ6 ከመቶ በታች ነበሩ። የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክ ጥቅምት 17 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ተጎድቶ በዚያው ወር ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ፣ ለአገሩ በአውሮፓ ዋንጫ መሰለፍን ትቶ ማገገሙን መርጧል፤ ወደ ሜዳ የተመለሰውም በቀጣዩ ሐምሌ መጨረሻ በወዳጅነት ጨዋታ ነው። የዓለም ምርጥ ሐኪሞችና የግል አሠልጣኞች ያሉት ተጫዋች ዘጠኝ ወር ከጠበቀ፣ በሰፈር ሜዳ የሚጫወት ወጣት በአምስተኛው ወር የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

ሁሉም ወደ ቀድሞው ደረጃ እንደማይመለስም በሐቀኝነት መነገር አለበት። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከታካሚዎቹ 65 ከመቶ ያህሉ ከጉዳቱ በፊት ወደነበሩበት የስፖርት ደረጃ ሲመለሱ፣ ወደ ውድድር የሚመለሱት ግን 55 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ ዳግም የመጎዳት ፍርሃትም ከምክንያቶቹ አንዱ ስለሆነ ሥነ ልቦናዊ ዝግጅት የማገገሚያው አካል ነው። ከጉዳቱ 10 እና 20 ዓመት በኋላ ጉልበታቸው ላይ የልም አጥንት ማለቅ የሚታይባቸው ብዙዎች ሲሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው ይህን ሙሉ በሙሉ እንደሚከላከል የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም፤ ክብደትን መቆጣጠርና የጭን ጡንቻን ጠንካራ አድርጎ መኖር ግን ጉልበቱን ያግዛሉ። ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል፤ ፊፋ 11 ፕላስ በመባል የሚታወቀው 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ማሟሟቂያ ውድ መሣሪያ የማይፈልግ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤትና የሰፈር ቡድኖች ሁሉ ሊሠሩበት ይችላሉ።

በኢትዮጵያ አርትሮስኮፒ የሚሠራባቸው ተቋማት በአብዛኛው በዋና ከተማዋ የተወሰኑ ናቸው፤ አቅሙ ያላቸው ታካሚዎች ደግሞ ወደ ህንድና ታይላንድ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። በየትም ቢታከሙ ግን ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ የሚያጠራቅም ቤተሰብ፣ ተጫዋቹን የሚያሳክም ክለብ፣ ርዳታ የሚያሰባስብ ወዳጅ ሁሉ ከበጀቱ ውስጥ ለዘጠኝ ወር የፊዚዮቴራፒ ክትትል የሚሆነውን አስቀድሞ ይለይ፤ ታካሚውም ከመታከሙ በፊት በሚኖርበት አካባቢ የሚከታተለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያግኝ፣ ከቀዶ ሐኪሙም ምን ዓይነት ምትክ እንደተተከለለት፣ ሜኒስከሱ መሰፋት አለመሰፋቱንና የልምምድ መርሐ ግብሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ሳይቀበል ከሆስፒታሉ አይውጣ።